የአስታዋ እንቁራሪት

ከባሌ ተራሮች የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራልን ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን ነው። አልፈርድበትም። ደጋ አጋዘን አስር ሳንቲማችን ላይ ሳይቀር ወጥቷል። እኔ ዛሬ የማነሳላችሁ ግን የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል እንቁራሪት ናት። ለወግ እንዲመቸን የአስታ እንቁራሪት ብያታለሁ። የሳይንስ ስሟ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ይባላል፤ “ኤሪካ” የኛው አስታ ነው።

ከጎባ ተነስታችሁ ሰነቲን አቋርጣችሁ ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ብርዱና ሜዳው በድንገት ያልቅና አስታው ይጀምራል። ዛፉ ላይ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሏል፣ ግንዱ ሽበት ለብሷል፣ ጉሙ ከቆላ በኩል እየተንከባለለ መጥቶ ሁሉንም ይውጠዋል። ሐረና ደን ይሄ ነው። ታች ደግሞ የዱር ቡና አለ። እንቁራሪቷ የምትኖረው ከላይ፣ ጉሙ በሚያድርበት፣ በትንንሽ ጅረቶች ዳር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን በሌላ ጓጉንቸር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። በ1926 እና 27 ከቺካጎ የመጣ የአሜሪካ ሙዚየም ቡድን አገራችንን ዞሮ አውሬና ወፍ ሰበሰበ። መሪው ኦስጉድ የአጥቢ እንስሳት ሰው ነበር፤ በ1932 ግን አንድ የኢትዮጵያ ደጋ ጓጉንቸር በስሙ ተጠራ። ከዚያ ብዙ ዓመት ዝም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ማልኮም ላርገን ነው ነገሩን እንደገና የቆሰቆሰው። በ1978 የተመዘገበችው፣ እንቁላሏን ኩሬ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ የምትጥለው የባሌ ጓጉንቸር የተሰየመችው በሱ ስም ነው። በ1986፣ አገሩ ገና ከ77ቱ ድርቅ ሳያገግም፣ ሐረና ውስጥ ካቻ ከሚባለው ገላጣ ቦታ የአስታዋ እንቁራሪት ተገኘች። ላርገን በ1991 ስም ሰጣት። በ1989 ደግሞ ከዚያው ሰፈር የመጣች ድብልብል እንቁራሪት፣ በባሌ ፓርክ በሠራው በሂልማን ስም ባሌብረቪሴፕስ ሂልማኒ ተብላ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ አራቱ እንደ ሌሎቹ እንቁራሪቶች የአክስት ልጅ ሞልቷቸው አይደለም። የሳይንስ ሰዎች እያንዳንዳቸውን ለብቻቸው በአንድ ወገን፣ እነሱ ጂነስ በሚሉት፣ መድበዋቸው ነበር። አንዷ ስትጠፋ ቤቱ አብሮ ይዘጋል ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያንም ያሉበት ቡድን በ2013 ኦሪክስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት አቆጣጠሩ ቀላል ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት አገኘ? የድሮውን ከአሁኑ ሲያስተያዩት መልሱ የሚያስደነግጥ ሆነ። የኦስጉዷ ጓጉንቸር ከ2003 ወዲህ አልታየችም። ባሌብረቪሴፕስም ተመናምናለች። እንቁራሪት የሚገድለው የቆዳ ፈንገስ ባሌ መድረሱ ተረጋግጧል፤ አጥኚዎቹ ግን ጣታቸውን ይበልጥ የቀሰሩት ወደ መኖሪያው መበላሸት ነው። አስታው ለማገዶና ለቤት ይቆረጣል፣ ለግጦሽ ሲባል ይቃጠላል፣ የጅረቱ ዳር በከብት ኮቴ ይቦካል።

ወዲያው ከብት አርቢውን ለመውቀስ የሚቸኩሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ባሌዎች ጎዳንቱ የሚሉት፣ ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውሩበት ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። መሬቱ በዚያ መሀል ያርፍ ነበር። ከብቱ ሲበዛና ሰፈራው ቋሚ ሲሆን ዕረፍቱ ቀረ። መንግሥትስ ቢሆን? ፓርኩ የተቋቋመው በ1970 ነው፤ ወሰኑ በሕግ የታወጀለት ግን በ2014። አርባ አራት ዓመት! በ2023 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ እሰየው።

ታንዛኒያ ኪሃንሲ ፏፏቴ ሥር፣ በውሃው ርጭት ብቻ የምትኖር ጓጉንቸር ነበረች። የማልኮሟ ጓጉንቸር በ1978 መጀመሪያ የተመደበችው ከዚህችኛዋ ወገን ነበር፤ ዝምድናው እስከዚህ ነው። በ2000 ግድቡ ሥራ ሲጀምር ርጭቱ ቀነሰ። ከጥፋቱ በፊት 499 ጓጉንቸሮች በአውሮፕላን ተጭነው አሜሪካ ገቡ፣ እዚያ ተራቡ። በ2009 በትውልድ ቦታዋ ጠፍታለች ተባለ፣ በ2012 ልጆቿ ወደ ኪሃንሲ ተመለሱ። ለምለሙን ለማቆየትም ሰው ሠራሽ ርጭት ተዘርግቷል።

ለሐረና ይሄ ሁሉ ማሽን አያስፈልግም። ውሃው አለ፣ ጉሙም በየማታው ይመጣል። ጥቂት የጅረት ዳር ከኮቴ ቢከለልና ዙሪያው ያለው አስታ ባይቆረጥ ሥራው ይጀመራል፤ ያንን ከሪራ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል፣ የትኛው ጅረት በየትኛው ወር ከብት እንደሚያጠጣ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።