የማትሱሞቶ ሕፃናትና የፒያኖ ትምህርታቸው

ብዙ ሰዎች የሙዚቃ ችሎታ አብሮ የሚወለድ ስጦታ ስለ ሆነ ያልታደለው ሰው ቢደክምም አያገኘውም ይላሉ። ይህ አሳብ ለብዙ ሕፃናት የትምህርቱን በር ገና ሳያንኳኩ ዘግቶባቸዋል። በጃፓን አገር ግን አንድ መምህር አሳቡን በሥራ ተቃውመውታልና ታሪካቸው ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ሺንኢቺ ሱዙኪ በ1898 ዓ.ም. በናጎያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቫዮሊን ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ሱዙኪ በ1920ዎቹ ዓመታት በበርሊን ከተማ ሙዚቃ ተምረው ተመለሱ። ከዚያም አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም የጃፓን ልጆች ሁሉ ጃፓንኛ መናገራቸው ነው። ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ይህን ከባድ ቋንቋ ለሕፃኑ ማን አስተማረው? እናቱ፥ አባቱ፥ ወንድምና እኅቱ፥ ጎረቤቱም ጭምር ናቸው። አንዱን ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ ቢሳሳት አይቀጣም፤ የመጀመሪያውን ቃል ሲናገርም ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደሰታል። ማንበብን የሚማረው መናገርን ከለመደ በኋላ ነው። ሱዙኪም ሙዚቃ በዚሁ መንገድ ቢሰጥ ማናቸውም ሕፃን ሊማረው ይችላል አሉ።

በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ የጃፓን ከተሞች ፈርሰው ነበር። በ1946 ዓ.ም. በተራሮች መካከል በምትገኘው በማትሱሞቶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሱዙኪ ማስተማር ጀመሩ። ለመግባት የችሎታ ፈተና አልነበረም። ትምህርቱ በቫዮሊን ተጀምሮ ወደ ፒያኖ እንዲተላለፍ ከደከሙት መካከል ወይዘሮ ሺዙኮ ሱዙኪና ወይዘሮ ሀሩኮ ካታኦካ ዋነኞቹ ናቸው።

ፒያኖ የራሱ ችግር አለው። ቫዮሊን በልጅ ቁመት ልክ አንሶ ይሠራል፤ ፒያኖ ግን ለታላቅም ለታናሽም አንድ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ከፍ ይደረጋል፤ የሕፃኑ እግር እንዳይንጠለጠልም መርገጫ ይቀመጥለታል። ደግሞም ብዙ ልጆች ቫዮሊናቸውን ይዘው በአንድነት ሲጫወቱ፥ በፒያኖ ግን አንዱ ሲጫወት ሌላው ተቀምጦ ይሰማል። መምህራኑ ይህንኑ ወደ ጥቅም ለወጡት። ትንሹ ልጅ ጥቂት የሚበልጠውን ጓደኛውን እያየ ነገ እኔም እደርስበታለሁ ብሎ ይተጋል።

ከወላጆቹም አንዱ በትምህርቱ ሰዓት አብሮ ይገኛል፤ በቤትም መምህር ይሆናል። የሚማረውን ዜማ ልጁ በየቀኑ ይሰማዋል፤ በቀድሞው ዘመን ይህ የሸክላ ሥራ ነበር። ኖታ ማንበብ የሚከተለው ጆሮና ጣት ከለመዱ በኋላ ነው። የታወቀውም ዜማ አይጣልም፤ እየተደገመ ያምራል እንጂ።

ዘዴው ነቀፋ አልታጣበትም። አንዳንዶች ኖታ ማንበብን ያዘገያል ይላሉ። ወላጅ ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ የሚውል እንደ ሆነም አብሮ መማሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም በ1955 ዓ.ም. በቶኪዮ ከ1000 የሚበልጡ ሕፃናት ቫዮሊን በአንድነት ሲጫወቱ ታዩ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሱዙኪ 10 ልጆች ይዘው ወደ አሜሪካ ሄዱ። እርሳቸው በ1998 ዓ.ም. ቢያርፉም በዘዴያቸው ፒያኖ የሚማሩ ልጆች ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛሉ።

ይህ አካሄድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ይቀበላል፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የመንደሩም ሰው ቁራሽ እየሰጠ ተማሪውን ያኖረዋል። ትምህርት የአንድ መምህርና የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ አንዲት አጭር ዜማ ሲለማመድ አጠገቡ ተቀመጡ። እኛም ተማሪዎች ታናሻችን ሲሳሳት ከመሣቅ ተቈጥበን እንደገና እንዲሞክር እናበረታታው።