በሰው በርጩማ ላይ የተቀመጠው እንግዳ

ከጎባ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ሲንቀጠቀጥ የቆየ መንገደኛ፣ ወደ ሀረና ጫካ ቁልቁል ሲወርድ አስቀድሞ የሚናፍቀው ቡና ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አንገቱ ያረፍኩበት ቤት እናት ከጫካው የተለቀመውን ቡና ቆልተው አፈሉልኝና፣ በልጃቸው አስተርጓሚነት «አንድ ቀን ሳልጠጣ ከዋልኩ ራሴን ይፈልጠኛል» አሉኝ። እናቴም ይህንኑ ትል ነበር። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ትውላለች። እኛ ልጆቿ ግን ጎረቤት ለመጥራት የምታበጀው ሰበብ እየመሰለን እንስቅባት ነበር።

ሰበብ አለመሆኑን ለማወቅ ሳይንስ ከ160 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1819 በጀርመን አገር በአንዲት ድመት ነው። ወጣቱ ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ቤላዶና የተባለው መርዘኛ ተክል የድመትን የዓይን ብሌን እንዴት እንደሚያሰፋ ለታላቁ ባለቅኔ ለጎተ ያሳየዋል። (ቤላዶና የእኛው አስተናግር ዘመድ ነው፤ የአስተናግርን ጉድ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።) ጎተ ተደንቆ ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጠውና ይህንንም እንዲመረምር አሳሰበው። ሩንገ መረመረ፤ ካፌይንንም ለይቶ አወጣ። የቤላዶናው መርዝና ካፌይን በአንድ ዓይነት ዘዴ የሚሠሩ መሆናቸውን ግን ከሁለቱ ሰዎች አንዳቸውም ሊያውቁ አይችሉም ነበር። መድኃኒት በሕዋስ ላይ የሚያርፍበት የራሱ «ተቀባይ» አለው የሚለውን ሐሳብ እነ ፖል ኤርሊክና ጆን ላንግሊ ያመጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነውና።

ቀጥሎ የመጣው ማብራሪያ ስሕተት ነበር፤ ግን የተከበረ ስሕተት። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አሜሪካዊው ኤርል ሰዘርላንድ፣ በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚያደርሰውን ሳይክሊክ ኤኤምፒን አገኘ። ይህን መልእክተኛ የሚያፈርስ ፎስፎዳይስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ካፌይን ይህን ኢንዛይም እንደሚያግድ ሰዘርላንድና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1962 አሳዩ። ኢንዛይሙ ሲታገድ መልእክተኛው ይበዛል፤ ጠጪውም ይነቃል ተባለ። ያምራል! ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ኢንዛይሙን በሚገባ ለማገድ የሚያስፈልገው ካፌይን፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጥቶ በደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። ያን ያህል የጠጣ ሰው መንቃቱ ቀርቶ በተመረዘ ነበር።

ትክክለኛው መልስ የመጣው አዴኖሲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሰው ነቅቶ በዋለ መጠን አዴኖሲን በአንጎሉ ይጠራቀማል፤ በተቀባዮቹም ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ ይጠራል። ተቀባዩን በርጩማ በሉት። ካፌይን በመልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል፤ ተቀምጦ ግን ምንም ሥራ አይሠራም። ባለቤቱ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ቡና ድካማችንን ይደብቅልናል እንጂ አያስወግደውም። ሳቲንና ራል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ፍንጩን ሰጡ። ሰለሞን ስናይደርና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የካፌይንና የዘመዶቹ የማነቃቃት ኃይል በርጩማውን ከመያዝ ኃይላቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን በአይጦች ላይ አሳዩ።

የእናቴ ሻሽስ? አዴኖሲን የአንጎልን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ካፌይን ያጠባቸዋል። በእንስሳት ላይ እንደታየው፣ በርጩማው ዘወትር የተያዘበት አካል ተጨማሪ በርጩማ ያበጃል። ታዲያ ቡናው የቀረ ዕለት አዴኖሲን ያን ሁሉ ባዶ መቀመጫ ያገኛል፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ራስም ይፈለጣል። አንዳንድ የራስ ምታት ክኒን ውስጥ ካፌይን የሚጨመረው ያለ ነገር አይደለም። እናቴ ሐኪም ሳትጠይቅ የምታውቀውን እኔ ያወቅሁት እሷ ካረፈች በኋላ ነው።

ኢንዛይም በቡና ታሪክ ውስጥ ድርሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። ካፌይንን የሚያፈርሰው በጉበት ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ነው። በደም ካለው ካፌይን ግማሹ የሚወገደው በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ ፍጥነቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአጫሽ ይፈጥናል፣ በነፍሰ ጡር ይዘገያል።

አንገቱ ላይ በዚያ ምሽት በረካውን እኩል ጠጣን። የቤቱ እናት ወዲያው ተኙ። እኔ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከጫካው የሚመጣውን የጅብ ድምፅ ሳዳምጥ ቆየሁ።