ኢኔ፦ ፊቷን ለባሕር የሰጠች የዓሣ አጥማጆች ከተማ

ኢኔ በጃፓን ትልቁ ደሴት በሆንሹ፣ በኪዮቶ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በታንጎ ልሳነ ምድር ላይ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ዳርቻዋ የጃፓን ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 2,000 አልሞላም። ስሟ የሚነሣው «ፉናያ» በሚባሉ 230 ገደማ የእንጨት ቤቶቿ ነው። ቃሉ በጃፓንኛ የጀልባ ቤት ማለት ሲሆን ቤቶቹም ስማቸውን ይመስላሉ፤ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል፣ ምድር ቤታቸው የጀልባ ጋጣ ነው፣ ሰው የሚያድረው ፎቁ ላይ ነው።

ኪዮቶ ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው የቡድሃ ቤተ መቅደስና ጠባብ የጌይሻ (የባህላዊ አዝናኝ ሴቶች) ሰፈር ነው። ክፍለ ሀገሩ ባሕር እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የአካባቢው አስጎብኚዎች ይህን ስላወቁ ሰሜኑን ጠረፍ «የባሕር ኪዮቶ» ብለው ያስተዋውቁታል። የዛሬዋ የኢኔ ከተማ አስተዳደር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 አራት መንደሮች ተዋሕደው ነው። መንገደኛ የሚፈልጋት ግን ጥንታዊቷን፣ በወሽመጡ ዙሪያ የተደረደረችውን ኢኔ ነው።

ወሽመጡ

የጃፓን ባሕር በክረምት አይጣል ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ነፋስ ባሕሩን ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠግብና ታንጎ ላይ ሲደርስ በረዶና ዝናብ ያራግፋል፤ ማዕበሉም የዚያኑ ያህል ያይላል። በእንዲህ ዓይነት ጠረፍ ላይ ቤትን ከውኃው አፍ መትከል እብደት ይመስላል። ኢኔን ያዳናት አቀማመጧ ነው። ወሽመጧ ወደ ደቡብ የተከፈተ ነው፤ ይህ በዚያ ጠረፍ እምብዛም አይገኝም። በሦስት በኩል ቁልቁል የሚወርድ ተራራ ከነፋሱ ይጋርዳታል። በቀረው በኩል ደግሞ አኦሺማ የተባለች ደን የለበሰች ትንሽ ደሴት በወሽመጡ በር ላይ እንደ መቀርቀሪያ ተጋድማለች። ውጭ ባሕሩ ሲናወጥ ውስጡ የኩሬ ያህል ጸጥ ይላል።

ይህ ብቻውን ግን ፉናያን አያቆምም። ዋናው ነገር የውኃው ከፍታ ነው። የጃፓን ባሕር ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ስለሆነ በየቀኑ የሚሞላውና የሚጎድለው ውኃ ትንሽ ነው፤ ኢኔ ላይ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ይኸው ቤት በፓስፊክ በኩል ቢሠራ ኖሮ አንድ ጊዜ ምድር ቤቱን ውኃ ይሞላዋል፣ ሌላ ጊዜ ጀልባው ጭቃ ላይ ይቀራል።

ፉናያ ከውስጥ

ከመንገዱ በኩል ወደ ፉናያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጨለማ ነው፤ ቀጥሎ በወዲያኛው ጫፍ በር በሚያህል ክፍት ቦታ የሚገባውን የባሕር ብርሃን። ወለሉ ወደ ውኃው ያዘቀዝቃል፤ ጀልባ ጎትቶ ለማውጣት የተሠራ ነውና። ግድግዳው ላይ ገመድ፣ መንጠቆ፣ ተንሳፋፊ ኳስ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ የዓሣ ማጠቢያ ገንዳ አለ። ፀሐይ ስትወጣ የውኃው ነጸብራቅ የጣሪያው ሠረገላ ላይ ይጨፍራል። ከባሕር ጋር የሚነካካው የታችኛው ምሰሶ «ሺይ» ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ይሠራል፤ ላይኛው ከጥድ።

በብዙ ፉናያዎች አፍ ላይ አንድ ገመድ ወደ ውኃው ወርዶ ይታያል። ጫፉ ላይ ያለው «ሞንዶሪ» የሚባል የመረብ ቅርጫት ነው፤ ውስጡ ለእራት ከታረደ ዓሣ የተረፈ ጭንቅላትና አጥንት ይደረግበታል። ማታ ተጥሎ ጠዋት ይጎተታል። መግቢያው እየጠበበ ስለሚሄድ የገባ ዓሣ መውጫው ይጠፋዋል። ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ለቁርስ የሚሆነውን ያገኛል፤ የቀረው ማጥመጃ ውስጥ እንዳለ ውኃው ውስጥ ይቆያል። ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ የለም።

ፎቁ ድሮ የመኖሪያ ክፍል አልነበረም። መረብ ከተክል ክር ይሠራ በነበረበት ዘመን ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ይሰጣ ነበር። ናይለን ሲመጣ ማድረቅ ቀረ፤ ባዶ የቀረው ፎቅም ቀስ በቀስ መኝታ ቤት ሆነ። ጀልባውም ተለውጧል። ጠባቡ የእንጨት ጀልባ ከፉናያው ልክ ይገባ ነበር፤ ሰፊው የፋይበርግላስ ጀልባ አይገባም፤ ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ጀልባዎች ከቤታቸው ደጅ ታስረው ያድራሉ።

መንገዱ የመጣበት ዘመን

ኢኔን በእግር የሚዞር እንግዳ ሳያውቀው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠባቡን መንገድ ይዞ ሲሄድ በአንድ በኩል ፉናያ፣ በሌላው በተራራው ጥግ ትልቅ መኖሪያ ቤት ያያል፤ ሁለት ረድፍ ያለው ተራ የጃፓን መንደር ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ቤቶች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። በመካከላቸው የነበረው ግቢ ነው። መንገዱ የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ነው፤ ዋናው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተከናወነ። ግቢው ለመንገድ ሲወሰድ ፉናያዎቹ ወደ ባሕሩ ተገፉ። በዚያው ዘመን ገደማ «ቡሪ» የተባለው ዓሣ ገንዘብ እያስገኘ ስለነበር ብዙዎቹ የሣር ክዳናቸውን ጥለው ባለ ሸክላ ጣሪያና ባለ ፎቅ ሆነው ታደሱ። «ጥንታዊ» እየተባሉ ፎቶ የሚነሡት ቤቶች እንግዲህ አሁን ባላቸው መልክ ያን ያህል ያረጁ አይደሉም፤ ያረጀው አሠራራቸው ነው።

ከመንገዱ በፊት ከቤት ወደ ቤት የሚኬደው በአብዛኛው በጀልባ ነበር። የመንደሩ ደጅ ባሕሩ ነው፤ መንገዱ በጓሮ የገባ ነው። ስለዚህ ኢኔን ለማየት ከውኃው ላይ ሆኖ መመልከት ይመረጣል። ሂዴ ከተባለው ሰፈር የሚነሣ የጉብኝት መርከብ ወሽመጡን 25 ደቂቃ ያህል ያዞራል፤ የባሕር ወፎችና ጭልፊቶች ለብስኩት ብለው እየጮኹ ይከተሉታል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው በሚነዱት ትንሽ የባሕር ታክሲ ቢሳፈር ይሻለዋል፤ ፉናያዎቹን በቅርብ ያሳዩታል፣ የማን ቤት እንደሆነም ይነግሩታል። ከሰፈሮቹ የአንዷ ስም «ጆሮ» እና «አፍንጫ» የሚል ትርጉም ባላቸው ፊደላት እንደሚጻፍ የሚሰማውም ያኔ ነው።

የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ኢኔን በጥብቅ ከሚጠበቁ የባህላዊ ሕንፃዎች ሠፈሮች መዝገብ አስገባት፤ ከዓሣ አጥማጅ መንደሮች የመጀመሪያዋ ነበረች። የተከለለው 310 ሄክታር ያህል ሲሆን ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን የወሽመጡን ውኃ፣ አኦሺማንና ከበስተ ጀርባ ያለውን ደን ይጨምራል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ውኃው ከሌለ ፉናያ ተራ መጋዘን ነው።

ዓሣ፣ ዓሣ ነባሪና ሳኬ

የኢኔ ኩራት የክረምት ቡሪ ነው። ይህ ዓሣ ባደገ ቁጥር ስሙ ይለወጣል፤ በኪዮቶና በኦሳካ አካባቢ ትንሹ ጹባሱ ይባላል፣ ከዚያ ሃማቺ፣ ከዚያ መጂሮ፣ ጎልማሳው ብቻ ቡሪ። ብርዱ ሲጠና ስቡ ይወፍራል፤ በስሱ ተቆርጦ በፈላ መረቅ ውስጥ ለአፍታ ነከር ተደርጎ ይበላል። ማከረልን በጨው አሽተው በሩዝ ፉርሽካ ውስጥ ለወራት የሚቀብሩት «ሄሺኮ» ደግሞ የአካባቢው ስንቅ ነው፤ ጨዋማነቱ ከባድ ስለሆነ ላልለመደው በትንሽ በትንሹ ነው የሚቀመሰው።

ዓሣ ነባሪም ይጠመድ ነበር። ወደ ውስጥ የገባውን የወሽመጡን አፍ በመረብ ዘግተው ይገድሉት ነበር፤ ለአንድ መንደር ይህ የዓመት ሲሳይ ነው። ሆኖም የገደሉትን እንዲሁ አልተዉትም፤ በአኦሺማ ላይ የዓሣ ነባሪ መቃብር አለ።

በመንገዱ ዳር፣ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1754 የተመሠረተ የሳኬ መጥመቂያ ቆሟል። ሳኬ የሩዝ መጠጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መልኩ እንደ ውኃ የጠራ። የዚህ መጥመቂያ ዝነኛ ምርት ግን ከጥንታዊ ባለ ቀለም ሩዝ ስለሚጠመቅ ቀይ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭና ኮምጣጣ ነው። የጠመቀችው ሴት ናት፤ ለረጅም ዘመን ወንዶች ብቻ በያዙት ሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኡራሺማ ተረት

ጃፓናዊ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የኡራሺማ ተረት መነሻው እዚህ ነው ይባላል። በጥንታዊው የታንጎ ትረካ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት መንጠቆ ጥሎ ምንም ሳይዝ ይቆይና አምስት ቀለም ያላት ኤሊ ያወጣል። ኤሊዋ ሴት ሆና ከባሕር ማዶ፣ ሞት ወደማያውቅ አገር ትወስደዋለች። ሦስት ዓመት ከኖረ በኋላ ወላጆቹ ይናፍቁታል። እንዳይከፍተው ተነግሮት አንድ ሣጥን ይዞ ሲመለስ በመንደሩ የሚያውቀው ሰው የለም፤ 300 ዓመት አልፏል። ሣጥኑን ይከፍታል። ኋላ በተስፋፋው ቅጂ ከውስጡ ጭስ ወጥቶ በአንድ አፍታ ሽማግሌ ያደርገዋል። ጉዞው «ኒሆን ሾኪ» በተባለው ጥንታዊ ዜና መዋዕል ሳይቀር ከእ.ኤ.አ. 478 ጋር በሚገጥም ዓመት ሥር ተመዝግቧል። በእ.ኤ.አ. 825 እንደተመሠረተ የሚነገርለት የኡራሺማ መቅደስ ከወሽመጡ ወጣ ብሎ በዚያው በኢኔ ከተማ ይገኛል፤ ተረቱን በሥዕል የሚተርክ ጥንታዊ ጥቅልም አለው።

ለመንገደኛ

ከኪዮቶ ከተማ ፈጣን ባቡር አማኖሃሺዳቴ ድረስ 2 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህች ቦታ ጥድ በለበሰ ረጅም የአሸዋ ድልድይዋ ከጃፓን ሦስት ታላላቅ እይታዎች አንዷ ስለሆነች ብዙ ሰው እዚያው ይቀራል። ወደ ኢኔ ግን አውቶቡስ ይዞ ባሕሩን እየታከከ ለ1 ሰዓት ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። አውቶቡሱ በቀን የተቆጠረ ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ ማየት ይገባል። በኮረብታው ላይ ካለው ማረፊያ ወሽመጡ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ኢኔን ለመላው አገሪቱ ያሳየው ስክሪን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተወዳጁ ተንከራታች የቶራ ሳን ፊልምና በ1993 የተላለፈ የቴሌቪዥን ድራማ እዚህ ተቀርጸዋል። ከዚያ ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ መንገዱ ግን አልሰፋም። ፉናያ የሰው ቤት እንጂ ሙዚየም ስላልሆነ ክፍት በር አይቶ መግባት ነውር ነው፤ ውስጡን ለማየት ለጎብኚ የተፈቀደውን መፈለግ ወይም ማደር ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች በቀን አንድ ቡድን ብቻ ይቀበላሉ። ምግብ ቤት ጥቂት ነው፣ ሱቅም በጊዜ ይዘጋል፤ እራት ቀድሞ ያላዘዘ እንግዳ ጦሙን ሊያድር ይችላል። በመጸውና በክረምት ሰማዩ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ስለሚለዋወጥ የአካባቢው ሰው ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ ይላል።

ያደረ ሰው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሞተር ድምፅ ይነቃል። ትልልቅ ቋሚ መረቦችን ሊያነሡ ሌሊት የወጡት ጀልባዎች ሲመለሱ ነው። ወደብ ላይ ዓሣው በየዓይነቱ ይለያል፤ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ የየራሳቸውን ባልዲ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ፤ የመረጡት ተመዝኖ እየተንፈራገጠ ባልዲያቸው ውስጥ ይገባል። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ናቸው፤ የቁርሱ ዓሣ የሚገዛው እዚያ ነው።