የብዝሀ ሕይወት ስምምነቶች ብሔራዊ ሪፖርት በኢትዮጵያ

የብዝሀ ሕይወት ብሔራዊ ሪፖርት አንድ አገር አባል የሆነችበትን ዓለም አቀፍ ስምምነት ምን ያህል እንደፈጸመች ለስምምነቱ ጽሕፈት ቤት በየጊዜው የምታቀርበው መንግሥታዊ ሰነድ ነው። ኢትዮጵያ የበርካታ ስምምነቶች አባል ስለሆነች በተለያየ ቅጽ፣ በተለያየ ጊዜና በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በኩል ሪፖርት ታቀርባለች። ሪፖርቶቹን ማቀናጀት ማለት አንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃ ለሁሉም እንዲያገለግል ማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምምነቶቹና የጊዜ ሰሌዳቸው

ከስምምነቶቹ ኢትዮጵያ ቀድማ የገባችበት የዓለም ቅርስ ስምምነት ሲሆን ያጸደቀችውም በ1977 ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይተስ በ1989 ተቀላቀለች። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለፊርማ የቀረበውን የብዝሀ ሕይወት ስምምነት በ1994 አጸደቀች። የምግብና የእርሻ ዕፅዋት የዘር ሀብት ስምምነት በ2003፣ የተሰዳጅ እንስሳት ስምምነትና የአፍሪካና ዩሬዥያ የውኃ ወፎች ስምምነት ደግሞ በ2010 ተከተሉ።

የሳይተስ የንግድ ሪፖርት በየዓመቱ እስከ ጥቅምት ወር መጨረሻ (በአውሮፓውያን ኦክቶበር 31) ይላካል። የተሰዳጅ እንስሳት ስምምነት ሪፖርት በየሦስት ዓመቱ ከሚደረገው የአባል አገሮች ጉባኤ በፊት ይጠበቃል፤ የዓለም ቅርስ ዙር ስድስት ዓመት ነው። ለብዝሀ ሕይወት ስምምነት አምስተኛው ሪፖርት በ2014፣ ስድስተኛው በ2018 መጨረሻ እንዲቀርቡ ተወስኖ ነበር። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ-ሞንትሪያል ማዕቀፍ ሰባተኛውን በየካቲት 2026፣ ስምንተኛውን በሰኔ 2029 ቀጥሯል። ማዕቀፉ 23 ዒላማዎች አሉት፤ አገሮችም በተመሳሳይ መለኪያዎች እንዲመልሱ ያስገድዳል።

በአገር ውስጥ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ሪፖርት የሚዘጋጀው በኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ በ1976 የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ነው። ሳይተስንና ተሰዳጅ እንስሳትን የሚመለከተው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን የዓለም ቅርስ ጉዳይ በቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። መሥሪያ ቤቶቹ መረጃ የሚጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ የወረዳ ባለሙያ ነው።

የደቡብ ጎንደር ምሳሌ

ድግግሞሹ በግልጽ የሚታይባት ቦታ ደቡብ ጎንደር ናት። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አናቱ ጓሳና ጅብራ የሚበቅሉበት ነው። ከዚያ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ።

በፎገራ ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። እዚያ የሚታየው ባለዘውድ ጥቁር ክሬን (እግረ ረጅምና አክሊል የመሰለ ላባ ያለው ወፍ) የሦስት ስምምነቶች ጉዳይ ነው፦ ሳይተስ ንግዱን፣ የውኃ ወፎች ስምምነት ቁጥሩን፣ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ደግሞ የመኖሪያ ሥፍራውን ሁኔታ ይጠይቃሉ። በጥር ወር የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ በአግባቡ ቢመዘገብ ቢያንስ ለሁለቱ ይበቃል። ረግረጎቹ ወደ እርሻ መለወጣቸው በአንዱ ሪፖርት ብቻ ከተጻፈ ግን ቁጥሩ የቀነሰበት ምክንያት በሌላው ውስጥ አይገኝም።

ከዚሁ ሜዳ የወጣው የፎገራ የከብት ዝርያም እንዲሁ ነው። ከ1970ዎቹና 80ዎቹ ወዲህ ሩዝ የተስፋፋበት ግጦሽ መጥበቡና ዝርያው ከሌሎች ጋር መዳቀሉ ለብዝሀ ሕይወት ስምምነትም፣ ለዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የቤት እንስሳት መዝገብም የሚሆን መረጃ ነው። ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ደግሞ በ2015 ዩኔስኮ የመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ክልል ተካፋዮች ናቸው። ይህ ምዝገባ የስምምነት ግዴታ ባይሆንም በየአሥር ዓመቱ የራሱን ግምገማ ይጠይቃል።

በጣም የሚያስቸግሩት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። አለማየሁ ዋሴ በ2007 በዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ደኖቹ ብሔራዊ ፓርክም የመንግሥት ጥብቅ ደንም ስላልሆኑ በተለመደው የጥብቅ ቦታዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የአዲሱ ማዕቀፍ ሦስተኛ ዒላማ፣ እስከ 2030 የምድርና የባሕር 30 በመቶ እንዲጠበቅ የሚለው፣ «ሌሎች ውጤታማ የጥበቃ ቦታዎች» የሚባሉትንም ስለሚቆጥር ለእነዚህ ደኖች በር ከፍቷል። ነገር ግን ወሰናቸውና ስፋታቸው በአንድ መዝገብ ካልሰፈረ በሪፖርት አይቆጠሩም።

የዘመን አቆጣጠር ችግር

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው የበጀት ዓመት ነው። ስለዚህ የ2015 ዓ.ም. በጀት ዓመት መረጃ ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 ያለውን ይሸፍናል፤ ሳይተስ ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ይጠይቃል። መረጃው በወር ተለይቶ ካልተያዘ የአንድ ዓመት ቁጥር ለሁለት የውጭ ዓመታት መከፋፈል አይቻልም። ትንሽ የሚመስል ነገር ቢሆንም፣ በማቀናጀት ሥራ ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ሊስተካከል የሚችለው ይህ ነው።

የማቀናጀት ሙከራዎች

የስምምነቶቹ ጽሕፈት ቤቶች ከ2004 ጀምሮ በጋራ የግንኙነት ቡድን ይነጋገራሉ። በ2019 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የስምምነቶቹ ወኪሎች ተሰብስበው ትብብርን መክረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ደግሞ ዳርት የተባለ የኮምፒዩተር መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ አንድ አገር መረጃዋን በራሷ የሥራ ቦታ አስቀምጣ ለተለያዩ ሪፖርቶች እንድትጠቀምበት ያስችላል።

ለሁሉም ስምምነቶች አንድ ወጥ ሪፖርት ይቅረብ የሚለው ሐሳብ አልተሳካም። እያንዳንዱ ስምምነት የራሱ አባላትና የራሱ ጉባኤ ያለው ሕግ በመሆኑ አንዱ የሌላውን ቅጽ ሊሽር አይችልም። ይበልጥ የሚሠራው መንገድ ቅጾቹ ተለያይተው እንዲቀሩ፣ ከሥራቸው ያለው መዝገብ ግን አንድ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለዚህም የጋራ የቦታና የዝርያ መለያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በአንዱ ሰነድ ጉና፣ በሌላው ጣና ተፋሰስ ተብሎ የተጻፈው ተራራ እንደ ሁለት ቦታ ይቆጠራል።