ዜና ዘስኮሌ ዐደባባይ፦ የቦስተን የምድር ውስጥ ጣቢያ እንደ ተሠራና ዳግመኛ እንደ ታነጸ

ይህ ዜና በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፥ በቦስተን ከተማ፥ ከዐደባባይ በታች ስላለው የባቡር ጣቢያ ነው፤ አስቀድሞ እንዴት እንደ ተቈፈረ፥ ስሙን እንዴት እንዳጣ፥ ኋላም እንዴት እንደ ታደሰ። ቀኑንና ዓመቱን የምንጽፈው በአገሩ ሰዎች አቆጣጠር ነው።

በዚያ ዘመን የቦስተን መንገድ ጠባብ፥ ሕዝቧም ብዙ ነበረ። በትሪሞንት ጎዳና ትራሞች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ከመቆማቸው የተነሣ፥ ሰው በጣሪያቸው ላይ እየተረማመደ መንገዱን ሊጨርስ ይችላል ይባል ነበር። ሹማምንቱም መከሩ፤ ትራሙን ከምድር በታች እናውርደው አሉ። ነጋዴዎች ግን ገበያችን ይበላሻል ብለው ተቃወሙ። ምክሩ ጸንቶ በ1895 ማርች 28 ቀን ቁፋሮው ተጀመረ። ይኸውም ዐፄ ምኒልክ የዓድዋን የክተት ዐዋጅ ከማስነገራቸው ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ ነው። የሥራው ዋና መሐንዲስ ሀዋርድ ካርሰን ነበረ።

ቈፋሪዎቹም ከጥንቱ የመቃብር ስፍራ በደረሱ ጊዜ ከ900 የሚበልጡ ሙታን ዐፅም አገኙ፤ ሰብስበውም ዳግመኛ ቀበሩት። በ1897 ማርች 4 ቀን ከቧንቧ ያፈተለከ ጋዝ በድንገት ፈነዳ፤ በመንገድ የነበሩ ሰዎችና ፈረሶች ሞቱ። ሥራው ግን አልተቋረጠም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን፥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፥ ሕዝብ የሞላበት የመጀመሪያው ትራም ወደ ምድር ውስጥ ገባ። በአሜሪካ የምድር ውስጥ ባቡር ለሕዝብ ሲከፈት ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሥራው ከተመደበው 5 ሚሊዮን ዶላር የተረፈ ገንዘብ እንደ ነበረም ሊጻፍ ይገባል፤ በኋላ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ሆኗልና።

በዓመቱ፥ በ1898 ሴፕቴምበር 3 ቀን፥ መንገዱ ወደ ሰሜን ተራዝሞ በስኮሌ ዐደባባይ ሥር ጣቢያ ተከፈተ። ዜናችንም ስለዚህ ጣቢያ ነው። በ1904 ደግሞ ከባሕሩ ማዶ፥ ከምሥራቅ ቦስተን የሚመጣ ዋሻ ከወደቡ በታች ተሠርቶ ከዚያው አጠገብ ደረሰ። በ1916 ዋሻው ወደ ፊት ሲቀጥል ከላይኛው ጣቢያ በታች ሌላ ጣቢያ ተሠራለት፤ በግድግዳውም ላይ በጥቃቅን ሸክላ «ስኮሌ አንደር» (የታችኛው ስኮሌ) የሚል ስም ተነጠፈበት። እንዲህም በአንድ ዐደባባይ ሥር ሁለት ጣቢያ፥ አንዱ በአንዱ ላይ፥ ኖሩ። ወደ ሁለቱም የሚወረደው በደረጃ ነበር።

ስለ ዐደባባዩም ጥቂት እንናገር። ግራሃም ቤል ከረዳቱ ከዋትሰን ጋር በ1875 በሽቦ የተላለፈውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማው በዚያው በዐደባባዩ ሰፈር፥ በኮርት ጎዳና ባለ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ነው። ኦልድ ሀዋርድ የተባለው ቲያትር ቤትም በዚያ ነበረ፤ መርከበኛውም ተማሪውም ይሞላበት ነበር። አንድ የሻይ ነጋዴም 227 ጋሎን የሚይዝ፥ እንፋሎት የሚተፋ ትልቅ የሻይ ጀበና ከደጁ በላይ ሰቅሎ ነበር። ጸጥታ ያልነበረው፥ ስሙ በክፉም በበጎም የሚነሣ ስፍራ ነበረ፤ ነገር ግን የሕዝብ ስፍራ ነበረ።

ከዚህም በኋላ የከተማው ሹማምንት ይህን ሰፈር ጠሉት። ከንቲባው ጆን ኮሊንስ፥ የልማቱም አለቃ ኤድዋርድ ሎግ ነበሩ፤ ፕላኑን አርክቴክቱ አይ. ኤም. ፔይ አወጣ። ኦልድ ሀዋርድ በ1961 ተቃጠለ፤ ተከትሎም ከ1,000 የሚበልጡ ቤቶች ፈረሱ። በስፍራው ታላቅ የሲሚንቶ ማዘጋጃ ቤትና ነፋስ የሚመላለስበት ሰፊ የጡብ ሜዳ ተሠራ። በ1963 ኦክቶበር 28 ቀን የጣቢያው ስም ተሽሮ «ገቨርንመንት ሴንተር» (የመንግሥት ማእከል) ተባለ፤ መግቢያውም መስኮት የሌለው የጡብ ምሽግ ሆነ። ከአሮጌው ሰፈር የተረፉት እንደ ጨረቃ የታጠፈው ሲርስ ክሬሰንት የተባለው ሕንፃ፥ ከፍርስራሹ አምልጦ በአጠገቡ ባለው ሕንፃ ላይ የተሰቀለው ጀበና፥ ከምድር በታች ያለውም ጣቢያ ናቸው። ይህ ማፍረስ በእኔ ፍርድ በደል ነው። ሰፈሩ መጠገን ይቻል ነበርና፤ ሰው የሚበዛበትን ስፍራ ባዶ ማድረግ ልማት ሊባል አይገባም።

ወደ ጣቢያው ነገር እንመለስ። ሁለት የባቡር መስመሮች፥ አረንጓዴውና ሰማያዊው፥ የሚገናኙበት የከተማዋ እምብርት ነበረ፤ ነገር ግን ሊፍት አልነበረውም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ቆሞ ባቡሩ ከእግሩ በታች ሲያልፍ ይሰማ ነበር፤ መውረድ ግን አይችልም። በ1990 ለአካል ጉዳተኞች መብት የቆመው ሕግ ታላላቅ ጣቢያዎች ለሁሉ እንዲመቹ አዘዘ፤ ትእዛዙ ግን ቶሎ አልተፈጸመም። በ2002 አካል ጉዳተኞችና ማኅበራቸው የትራንስፖርት ባለሥልጣኑን ከሰሱ። በ2006 ተስማሙ፤ ባለሥልጣኑም ለሊፍትና ለሌላውም ማሻሻያ ከ310 ሚሊዮን ዶላር የማያንስ ሊያወጣ ቃል ገባ።

ከዚህም በኋላ በ2014 ማርች 22 ቀን ጣቢያው ተዘጋ። ባቡሮቹ ግን መሄዳቸውን አልተዉም፤ በሠራተኞቹ አጠገብ ሳይቆሙ ያልፉ ነበር። ተሳፋሪው በአጎራባች ጣቢያዎች ተበተነ፤ እነርሱንም የሚያገናኝ አውቶቡስ ተመደበ። የጡቡ ምሽግ ፈረሰ። የሊፍቶቹ ጉድጓድ ከላይኛው ጣቢያ አልፎ እስከ ታችኛው ተቈፈረ፤ ወለላቸው ዝቅ ያለ ትራሞች ሲቆሙ ሰው ያለ ደረጃ እንዲገባ የላይኛው መሳፈሪያ ከፍ ተደረገ። በምሽጉ ፈንታ 40 ጫማ ያህል ከፍታ ያለው የመስተዋት መግቢያ ቆመ። የሥራው ውል 82 ሚሊዮን ዶላር ነበረ። የ1916ቱ ግድግዳም በታችኛው ጣቢያ እንደ ገና ተገለጠ፤ ሠራተኞቹም የሸክላውን ጽሕፈት ጠግነው አኖሩት። ሹማምንቱ ከላይ የሻሩትን ስም፥ ዛሬ ሰማያዊውን ባቡር የሚጠብቅ ሁሉ ያነበዋል።

ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፥ በ2016 ማርች 21 ቀን፥ ጣቢያው ተከፈተ፤ አገረ ገዢው ቻርሊ ቤከርም በምረቃው ተገኘ። ኋላም በ2022 ከላይ ያለው የጡብ ሜዳ ታድሶ፥ ደረጃ ብቻ በነበረበት ተሽከርካሪ ወንበር የሚወጣበት ዘንበል ያለ መንገድ ተሠራለት።

በዜና መዋዕል ሕንፃን ያሠራው ሰው ስም ይጻፋል። ይህንንም ጣቢያ ማን አሳነጸው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ከገዢው ከከንቲባውም አስቀድሞ፥ ለ1990ው ሕግ የታገሉትና በ2002 ክስ የመሠረቱት አካል ጉዳተኞች ናቸው ተብሎ ይጻፍ።