ጂፒኤስና ካርታ ለሞተር ሳይክል ጉዞ (ጎጃም)

ጂፒኤስና ዲጂታል ካርታ ከአስፋልት ውጪ በሞተር ሳይክል ለሚጓዝ ሰው መንገድ አስቀድሞ ለመምረጥና በጉዞ ላይ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ያገለግላሉ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጥቅማቸውም ጉድለታቸውም ጎልቶ ይታያል። ከተማዋ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በስተሰሜን ያለው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በስተደቡብ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ያቆለቁላል።

አሠራር

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1995 ሙሉ አገልግሎት ጀመረ። ሳተላይቶቹ ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። ተቀባዩ መሣሪያ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ቦታውን ያሰላል። ስለዚህ የስልክ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ካርታው ግን ከጉዞ በፊት ስልኩ ላይ መጫን አለበት። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተውን፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉትን የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ይጠቀማሉ። የተመረጠው መንገድ በጂፒኤክስ ፋይል ተቀምጦ ወደ ሌላ ስልክ ወይም ወደ ጋርሚን መሣሪያ ሊተላለፍ ይችላል።

ከፍታ

በካርታ ላይ የሚቀራረቡ ሁለት ቦታዎች በመካከላቸው ገደል ሊኖር ስለሚችል የከፍታ መስመሮችን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ካርታዎች የሚጠቀሙበት የከፍታ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንደቨር ከተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው። ነጥቦቹ በ30 ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ ጠባብ ገደል ላይታይ ይችላል።

የካርታ መነሻ ልዩነት

በመንግሥት የታተሙት የቀድሞ የ1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ይጠቀማል። ከወረቀቱ የተነበበ ነጥብ ሳይቀየር ወደ ጂፒኤስ ከገባ ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። በገደል አፋፍ ላይ ይህ ልዩነት አደገኛ ነው።

ካርታ የማያሳየው

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት መረሬ አፈር ጎማ ይይዛል፣ ወንዞችም ይሞላሉ፤ በበጋ የተመዘገበ መንገድ ያኔ ላያሳልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተዘጋ መንገድም በካርታው ክፍት መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ፣ ፀጥታውንና ቤንዚን የሚገኝበትን ቦታ ከአካባቢው ነዋሪዎችና ሾፌሮች መጠየቅ የዕቅዱ አካል ነው።