አስፈሪ ታሪኮች በነጋዴው ቤት

የጥንት ሕንፃ የሚጠበቀው ስለ ውበቱና ስለ ዕድሜው ብቻ እንዳልሆነ ለሙያ ባልደረቦች የተሰወረ አይደለም። አንዳንድ ሕንፃ የሚጠበቀው በውስጡ የሚነገረው ቃል ሌላ ቦታ ቢነገር ኃይሉን ስለሚያጣ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በምሥራቅ 4ኛ መንገድ ቁጥር 29 የሚገኘው «የነጋዴው ቤት» የተባለው ሙዚየም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ የተሠራው በ1832 ነው። በ1835 ሲበሪ ትሬድዌል የተባለ የብረታ ብረት ሸቀጥ አስመጪ ገዝቶት፣ ቤተሰቡ አንድ መቶ ዓመት ያህል ኖረበት። በ1840 በዚያው ቤት የተወለደችው የመጨረሻዋ ልጅ ገርትሩድ በ1933 በዚያው ቤት አረፈች። ጆርጅ ቻፕማን የተባለ ዘመዷ ቤቱን ከጥፋት አድኖት፣ በ1936 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በመሆኑም ዓምዶቹ፣ የጣሪያው የልስን ጌጥና የቤተሰቡ ዕቃዎች ሳይበተኑ ቆዩ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም አርክቴክት ጆሴፍ ሮቤርቶ ሰፊ የእድሳት ሥራ መርቷል።

በዚህ ቤት ሳሎን ውስጥ ተዋናዩ ጆን ኬቪን ጆንስ የኤድጋር አለን ፖን አስፈሪ ታሪኮች ብቻውን ሲተርክ፣ መድረክም መጋረጃም የለም። በ1843 በታተመው ታሪክ፣ ገዳይ የገደለውን ሰው ከወለል ጣውላ ሥር ቀብሮ የሟቹ ልብ ሲመታ የሚሰማው ይመስለዋል። በ1846 በታተመው ደግሞ፣ አንድ ሰው ባላንጣውን አታሎ ወደ ምድር ቤት ካወረደ በኋላ በድንጋይና በጭቃ ግንብ ከነሕይወቱ ይዘጋበታል። ወንጀሉ በአንደኛው ከወለል በታች፣ በሁለተኛው ከግንብ በስተጀርባ ነው። ተመልካቹም የተቀመጠው በእውነተኛ አሮጌ ወለል ላይ፣ በእውነተኛ አሮጌ ግንብ መካከል ስለሆነ፣ አንዲት ጣውላ ሲጥ ብትል ልቡን ለማስደንገጥ ትበቃለች።

ይህ አቀራረብ ባዕድ ፈጠራ አይደለም። ፖ ራሱ «ቁራው» የተሰኘው ግጥሙ ስሙን ባስጠራበት በ1845፣ በዚያው ሠፈር አካባቢ በምትኖረው በባለቅኔዋ በአን ሊንች ሳሎን በሚደረገው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ይገኝ ነበር። በዘመኑ ጽሑፍ በሳሎን ድምፅን ከፍ አድርጎ መነበቡ የተለመደ ነበር፤ ትሬድዌሎችም ያን ጊዜ በዚህ ቤት ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ታሪኩ በሳሎን ሲተረክ ወደ ቀድሞ ማደሪያው ተመለሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቤቱ ዛሬም ከአደጋ ነፃ አይደለም። ከ2012 ጀምሮ በአጎራባች ቦታ ፎቅ ሆቴል ለመሥራት ዕቅድ ቀረበ። የከተማው ምክር ቤት በ2018 ዕቅዱን ቢጥለውም፣ የተሻሻለ ዕቅድ እንደገና መቅረቡ አልቀረም። የሙዚየሙ ሰዎች የሚሰጉት የመሠረት ቁፋሮና ንዝረት አሮጌውን ግንብ እንዳያናጋ፣ የጣሪያውንም ልስን እንዳይሰነጥቅ ነው።

የተሰነጠቀ ልስን በቅርጽ ማውጫ ተመስሎ ሊተካ ይችላል። ነገር ግን ምትኩ፣ ፖ በሕይወት ሳለ በዚያ ሳሎን የተሰማውን ድምፅ አልሰማም። ሐውልትን ከፍርስራሽ የሚጠብቅ ባለሙያ ሁሉ የግንቡን ጥንካሬ ሲለካ፣ በግንቡ ውስጥ የሚሰማውንም ቃል አብሮ መቁጠር ይገባዋል።